ነጠላዬን ያዘቀዘቅሁበት ቀን

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የማፍረው በሕመሙ አይደለም፤ ታምሜ ሳለሁ በእህቴ ላይ ባደረስሁት ነገር ነው። ይሁን እንጂ እንደኔ ልቡ ያለ ምክንያት የሚመታበት፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞር፣ ለሰው መናገር የሚያፍር አንድ ሰው ቢያነበው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ አሁን እስከ መጨረሻው ልጽፈው ነው። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የፊደል ስሕተት ብታገኙ እለፉኝ።

ስሜ ትርንጎ ይባላል። ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ታላቅ እህቴ ስመኝ፣ እኔ እታለም የምላት፣ አግብታ ወረታ ከተማ ትኖራለች። በሁለታችን መካከል ምናለ የሚባል ወንድም አለን። ምናለ ካቻምና ሰኔ ላይ ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወረደና እዚያው ሥራ አግኝቶ ቀረ። ሲሄድ በጣት የሚነካ ስልኩን ለኔ ተወልኝ።

"በዚህ ፊቴን ታይኛለሽ" አለኝ።

ኔትወርኩ ግን አንድ ቀን መጥቶ ዐሥር ቀን ይጠፋል። ከምናለ ፊት ይልቅ የሌላ ሰው ፊት አየሁበት። መጀመሪያ እሱን ፍለጋ ነበር። መኪና ተገለበጠ ሲባል ከተጋደሙት መካከል እሱን እፈልጋለሁ፤ ተኩስ ነበር ሲባል እሱን እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ስሙን መጥራት በማልችለው አገር ከፈረሰ ቤት ሥር ሕፃን ሲያወጡ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ባልፈልግም ስልኩ ራሱ እየፈለገ ያመጣልኝ ጀመር።

እኛ ዘንድ ሞት የሰማ ሰው ልቅሶ ይደርሳል። ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛውን ገበያ ላይ ሲያገኘው ዓይኑን የሚጥልበት ያጣል። እኔም የእነዚያን ሰዎች ሞት አይቻለሁ፤ ልቅሷቸውን ግን አልደረስሁም። በየቀኑ ያልደረስሁት ልቅሶ እየበዛ ሄደ። ፀጉሬን ቅቤ መቀባት ተውሁ። ጓደኞቼ ሲቀልዱ ሣቄ ቢመጣ አፌን በእጄ እይዛለሁ። ለማንም ግን አልተናገርሁም። ምን ብዬ?

ሕመሙ የጀመረኝ ጥር ላይ ነው። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ልቤ እንደተፈታ ጥጃ ይዘል ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ የምሞት መሰለኝ። ጀሪካኑን አስቀምጬ መንገድ ዳር ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀኝ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ከዚያ በየቀኑ ሆነ። ምግብ አስጠላኝ። ስለ ሌሊቱ አልጽፍም፤ እንደኔ የታመመ ሰው ያውቀዋል።

ወረታ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልሁና መድኃኒቱን ዋጥሁ። አልተሻለኝም። ሁለተኛው ክሊኒክ "ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ተይ" አለኝ። በርበሬ ተውሁ፤ ሕመሙ ግን አልተወኝም። በየቦታው እናቴ ወረፋ ይዛ ትቀመጣለች፣ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ሦስተኛው ልቤን በማሽን አየና ሣቀ።

"ልብሽ የፈረስ ልብ ነው። ምንም የለብሽም፤ ሂጂ ሥሪ።"

ከሁሉም ቀን ይልቅ ያን ቀን አፈርሁ። ምንም ከሌለብኝ እናቴ በጓን የሸጠችው ለምን ነበር?

ከዚያ ጠበል ሄድሁ። ሰባት ቀን ተጠመቅሁ፤ ሰባቱንም ቀን ተሻለኝ። ቤቴ ስመለስ ተመለሰብኝ። ስልኩን ይዤ አልሄድሁም ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን አላስተዋልሁትም። ጠበሉን ግን አላማም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሰባት ቀን ያረፍሁበት ጊዜ የለም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እታለም ሴት ልጅ ወለደች። የሩዝ አረም ስለደረሰ እናቴ ቀረችና አራሷን ልጠብቅ እኔ ወረታ ሄድሁ። ሕመሜን ደብቄ ነው የሄድሁት።

በአምስተኛው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጓሮ ማድቤት ውስጥ ገንፎ ጥጄ ስልኩን ከፈትሁ። ባሕር ላይ ጀልባ ሰጥሟል። አንዲት ሴት ውሃው ዳር ቆማ ትጣራለች። ቋንቋዋን አላውቀውም፤ የልጇን ስም እየጠራች እንደሆነ ግን ያስታውቃል። ልጅ በየትም አገር የሚጠራው እንደዚያ ነው።

ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውስም። እጄ በራሱ ነጠላዬን አዘቀዘቀው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆነ። እኛ ዘንድ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስሁላት። እውነቱን ልናገር፣ ቀለለኝ። ከዚያ ሁሉ ልቅሶ አንዱን እንኳ የደረስሁ መሰለኝ። ገንፎው ሲያር ሸተተኝና ደንግጬ ተነሣሁ። ነጠላዬን ሳላስተካክል ወደ እታለም ገባሁ።

እያጠባች ነበር። ቀና ብላ ፊቴን አየች፤ ቀጥሎ ነጠላዬን አየች።

"ማነው?" አለችኝ።

አልገባኝም።

"ትርንጎ! ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም፣ እታለም።"

"ምናለ ነው።"

"አይደለም! ማንም አልሞተም እኮ!"

እኛ ዘንድ ለአራስ መርዶ አይነገርም። ወተቷ ይደርቃል፣ አእምሮዋም ይነካል ይባላል። እናቷ ብትሞት እንኳ እስክትጠና ይደበቃል። ሲደብቁ ታዲያ የሚሉት "ማንም አልሞተም" ነው። እኔ እውነቱን በተናገርሁ ቁጥር እታለም የደበቅሁ መሰላት። በማርያም ብዬ ማልሁላት፤ ባሰባት።

"ደውይለት! እፊቴ ደውይለት!"

ደወልሁ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ማግኘት አይቻልም አለች። እታለም ጮኸች።

ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። የኔን ነጠላ አየ። ምንም አልጠየቀም፤ የራሱን አዘቀዘቀ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ፤ አፌ ተሳስሯል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሦስት ሰው ከተሰበሰበ መናገር አልችልም፤ ያን ቀን ደግሞ ግቢው ሙሉ ነበር። አንዲት ሴት ምናለን እያነሣች ሙሾ አወረደች፤ ምናለን አይታው አታውቅም።

በማግስቱ እናቴ ከአያ ፈንቴ ጋር ከቁሐር መጣች። አያ ፈንቴ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲሞት መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሳያውቁ በሰፈራችን ሰው አይሞትም ይባላል። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቆሙ።

"እኔ ሳላረዳ ማን ነው የሞተው?"

ሁሉም ወደኔ አየ።

"ነይ እስቲ ልጄ። ለአንቺ ማን አረዳሽ?"

"ማንም፣ አያ።"

"ታዲያ ለማን ነው ያለቀስሽው?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ለማላውቃቸው ሰዎች።"

"የት ያሉ?"

"ባሕር ላይ... በስልክ አይቼ።"

ሙሾ ያወረደችው ሴት "ውይ! እኔ ደግሞ ደረቴን የደቃሁት ለማን ነው?" አለች። ከበሩ አካባቢ አንዱ "ንፍሮው ግን በስሏል" አለ። ሰዎቹ ሣቁ። ያልሣቁት እናቴና የእህቴ ባል ሞላ ናቸው። ሞላ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ ከትናንት ጀምሮ ጡት አጥታለች። ከቤቴ ውጪልኝ።"

ወጣሁ።

ምናለ በአራተኛው ቀን ደወለ። ድምፁን ሲሰሙ ሁሉም ስላለቀሱ "ምነው፣ ማን ሞተ?" ብሎ ደነገጠ አሉ። የእታለም ወተት ግን በስልክ የሚመለስ አልነበረም። ሕፃኗ የላም ወተት ተሰጣት፤ አልተስማማትም፣ አስቀመጣት። ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ተኛች። አዋላጇ ነርስ በየጥቂት ሰዓቱ ጡቱ ላይ እያስያዘቻት፣ እታለምንም እያባበለች፣ ወተቱ ቀስ በቀስ መጣ። ሕፃኗ ዳነች። በእነዚያ ሁለት ቀናት እኔ በጤና ጣቢያው አጥር ሥር ዝናብ ላይ ቆሜ ነበር። መግባት አፈርሁ፤ መሄድም አቃተኝ።

ሲወጡ እታለም አየችኝ።

"ይቅር ብየሻለሁ" አለችኝ። "ልጄን ግን አትያዥብኝ።"

አዋላጇ ይህን ሰምታ ኖሯል። ተከትላኝ መጥታ እጄን ያዘችና የልቤን ምት ቆጠረች። "ራስሽ ታመሻል እኮ" ብላ ወደ ሆስፒታል የምሄድበት ወረቀት ጻፈችልኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተላክሁበት ክፍል በር ላይ "የአእምሮ ሕክምና" ይላል። አነበብሁትና ዞር አልሁ። ቁሐር ወሬ ከኔ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ አጠገቡ ካለው የዓይን ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ፤ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁ።

ጎኔ የተቀመጡ እናት "ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ።

"ያሳክከኛል፣ እማማ።"

"እኔን! እዚህ ያለው ሐኪም ጎበዝ ነው፤ ልጅ ስለሆንሽ ቅደሚኝ" ብለው ወረፋቸውን ለቀቁልኝ። እንቢ ማለት አፍሬ ገባሁ። ሐኪሙ በመብራት ዓይኔን ገልብጦ አየ።

"ዓይንሽ ከኔ ዓይን ይሻላል። ማን ላከሽ?"

ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበው፤ አልሣቀብኝም። እጁን ትከሻዬ ላይ ሳያሳርፍ፣ ስሜን ሳይጠራ፣ በውስጥ በር አሳለፈኝ። ውለታውን እስከዛሬ አልረሳሁም።

የአእምሮ ጤና ነርሷ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት፣ እኔን የምታህል ልጅ ትመስላለች። ረጅም ጊዜ ጠየቀችኝ። ስለ ስልኩ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

"ሕመምሽ ጭንቀት ይባላል" አለችኝ። "ውሻ አላችሁ?"

"አለን።"

"ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮሃል፤ ደግ ነው። ያንቺ ውሻ ቅጠል ሲንቀሳቀስም ይጮሃል። ሲደክመውም አያቆምም። አንገድለውም፤ ምን እንደሚያስጮኸው ግን እናውቃለን።"

የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ሳልጠይቃት እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀችኝ። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ እንድናወራ ቀጠረችኝ። ስልኩን በቀን አንዴ ብቻ እንድከፍት፣ በየቀኑም ደስ ያለኝን አንድ ነገር ደብተር ላይ እንድጽፍ አዘዘችኝ። "ትንሽ ይሁን፤ አንድ መስመር" አለች።

መድኃኒቱን ዋጥሁ። ደብተሩ ግን ለብዙ ቀን ባዶ ነበር። ሰው እያለቀ ደስ አለኝ ብሎ መጻፍ፣ ልቅሶ ቤት እልል እንደማለት ሆነብኝ።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞላና ሜዳው ባሕር ሆነ። ቤታችን ደሴት መሰለ። ሰማዩ ለቀናት ጠቁሮ ዋለ። ይህን ጊዜ አሳ ከጣና እየወጣ ሩዙ ውስጥ ይገባል። አንድ ጠዋት እናቴ ቦዩ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ሲርገፈገፍ አይታ ወንፊት ይዛ ገባች። አሳው በዚህ ሲሉት በዚያ፣ እሷ ቀሚሷን ጥርሷ ላይ ነክሳ፣ ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ በመጨረሻ አቅፋው ወጣች። አምባዛ ነው፤ ጢሙ የቄስ ጢም ያህላል።

"እናቴ፣ ፍልሰታ አይደለም እንዴ?"

ቆመች። አሳውን አየችው።

"ቢሆንስ፣ ቅርፊት የለውም። ፍስክም ቢሆን አምባዛ አንበላም።"

"ታዲያ ለምን ያዝሽው?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ደጄ ድረስ ሲመጣ ዝም ልበለው?"

ሣቅሁ። ሆዴን እስኪያመኝ ሣቅሁ። እናቴ አምባዛውን መልሳ ውሃው ውስጥ ጣለችና ቆማ ታየኝ ጀመር፤ ከሣቅሽ ስንት ወር ሆነሽ አለች። ወዲያው ኀፍረቱ መጣ። ያቺ ውሃው ዳር የቆመችው ሴት ትዝ አለችኝ። አፌን ያዝሁ፤ ልቤም መዝለል ጀመረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አያ ፈንቴን ብቻቸውን አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። መናገሩ የፈራሁትን ያህል አልከበደኝም፤ መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርሁት።

"ልቅሶ ስትሄጂ ንፍሮ ትበያለሽ?" አሉኝ።

"እበላለሁ፣ አያ።"

"ባቄላው ከስንዴው ጋር ጥሩ ሆኖ ሲበስል ይጣፍጥሻል?"

አፈርሁ። "ይጣፍጠኛል።"

"ታዲያ ሟቹን በደልሽው?"

በእግሬ ጣት መሬቱን ጫር ጫር አደረግሁ።

"እኔ በዚህ አፌ ስንቱን መርዶ አረድሁ። መርዶ ሥርዓት አለው፣ ልጄ። ቆሞ ላለ ሰው አይነገርም፤ ይቀመጣል። ለተራበ አይነገርም፤ ይበላል። ለብቻው ላለ ሰው ፈጽሞ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል። ከዚያ ያለቅሳል። ሲጨርስ ይበላል፤ ዕድርተኛው ይቀልድለታል። ሦስት ቀን ሲሞላ በሬውን ይጠምዳል። ያ ስልክሽ ግን ማድቤት ውስጥ፣ ብቻሽን፣ እሳት ላይ ጎንበስ ባልሽበት ያረዳሻል። እንዲህ ያለ ባለጌ መርዶ ነጋሪ እኔ አይቼ አላውቅም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ተስማማን። እሑድ ቁርስ ከበላን በኋላ እሳቸው፣ እናቴና እኔ እንቀመጣለን። እኔ ከስልኩ አነብላቸዋለሁ፤ የቅርቡንም የሩቁንም። አያ ፈንቴ ይጠይቁኛል፤ "ስንት ልጅ ነበራት?" ይላሉ፤ አላውቅም እላለሁ። ነፍስ ይማር እንላለን፤ እናቴ ታለቅሳለች፣ እኔም። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። በሳምንቱ መካከል የምናለን ጥሪ ለመቀበል ብቻ ነው የሚከፈተው። ይህን ለሲስተር ስነግራት "ይህን እኔም ለሌሎች እነግራለሁ" አለች።

ደብተሩም ይሞላ ጀመር። አንዳንዱን ልጻፈው። "ዝናቡ ለጥቂት ቆመ፣ ቆርቆሮው ፀሐይ አግኝቶ እንፋሎት አወጣ።" "የጎረቤታችን ጊደር ሩዝ ልትበላ ገብታ ጭቃው ያዛት፤ ስትወጣ ሰው አይቷት እንደሆነ ዞር ዞር አለች።" "ጥርሷ ከተነቀለ ወዲህ እናቴ ሩዝ ማለት አቅቷታል፤ ሩሽ ትላለች።" ባዶ የሆኑ ቀኖችም አሉ። ዓለም አልተሻላትም፤ እሑድ እሑድ የማነበው ነገር አንሶ አያውቅም። ልቤም ፈጽሞ አልተወኝም፤ ግን ሲጀምረኝ ውሻው ጮኸ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ያልፋል። እንደኔ የሆናችሁ ሰዎች፣ ማሽኑ ምንም የለብሽም ቢላችሁም ንገሩ። እኔ ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን ያቺ ሕፃን ጤና ጣቢያ አትተኛም ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞላትና ክርስትና ተነሣች። እናቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ግብዣው ላይ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። አንዲት ሴት ብቻ "እስቲ ዛሬ ማን እንደሞተ አጣሪልን" አለችኝ፤ ሰው ሣቀ፤ እኔም እንደምሥቅ ሆንሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ሳሕን አጥብ ጀመር። ሕፃኗን ከሩቅ ነበር ያየኋት፤ ወፍራለች።

እታለም ልጅቱን እንደታቀፈች መጣችና አጠገቤ ቆመች። ቀና አላልሁም። እጄ አረፋ ውስጥ ነው።

"ያቺ ሴት" አለች።

"የቷ?"

"ውሃው ዳር ቆማ ስትጣራ ነበር ያልሻት። አያ ፈንቴ ሁሉንም ነገሩኝ።" ልጅቱን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። "ልጇ ተገኘ?"

"አላውቅም፣ እታለም። ከዚያ በኋላ አላሳዩም።"

ውስጥ የእንግዳው ጫጫታ ይሰማል፤ ሞላ "ስመኝ!" ብሎ ሁለት ጊዜ ተጣራ። ፊቷን አየሁ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ለማታውቃት ሴት።

"በይ እጅሽን አድርቂና ያዣት" አለችኝ። "እንግዳ ቆሞብኛል።"

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። አፈርሁ፤ ግን ያዝኋት።